ፓምፑ የቆመ ዕለት፦ የኤደን ውኃ ከተራራ እስከ ባሕር

ከሻምሳን ተራራ ግርጌ፣ በከሰመ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተቀመጠ ሰፈር አለ። ነዋሪው «ክሬተር» ይለዋል። የየመኗ ወደብ ኤደን የተወለደችው እዚህ ነው። ከሰፈሩ በላይ ጠባቡ የጠዊላ ሸለቆ ይወርዳል፤ በሸለቆው ውስጥ ደግሞ ከጥቁር ዐለት የተፈለፈሉ፣ ውስጣቸው ውኃ በማያሳልፍ ልስን የተለበጠ ግዙፍ ገንዳዎች አንዱ ከአንዱ ዝቅ እያሉ ተደርድረዋል። ቀድሞ 50 ያህል እንደነበሩ ይነገራል። ዛሬ የሚታዩት 13 ናቸው።

ኤደን ዝናብ የምታየው በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነው። የዓመቱ ዝናብ ተደምሮ 50 ሚሊ ሜትር የማይሞላባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው፤ አዲስ አበባ ይህን ያህሉን በአንድ የሐምሌ ሳምንት ታገኘዋለች። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ ያለፈው ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታ፣ ከተማዋ እህልም ዛፍም ውኃም እንደሌላት፣ የዝናብ ውኃ በገንዳ እያጠራቀመች እንደምትኖር ጽፏል። ያ ጥቂት ዝናብ ሲወርድ ደግሞ ከራቁት ተራራ ላይ በአንድ ጊዜ ይወርዳልና ድንጋይና ደለል ይዞ ይመጣል። የገንዳዎቹ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ላይኞቹ የጎርፉን ጉልበት ሰብረው ደለሉን ያስቀራሉ፤ ታችኞቹ የጠለለውን ይቀበላሉ። ይህ የሚሠራው ግን ደለሉን በየጊዜው የሚጠርግ፣ ልስኑን የሚጠግን ሰው እስካለ ድረስ ነው። እንግሊዞች ኤደንን በ1839 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በእ.ኤ.አ. ናቸው) ሲይዙ ገንዳዎቹ በደለል ተቀብረው ነበር። ሮበርት ላምበርት ፕሌይፌር የተባለው መኮንን በ1850ዎቹ ባይደርስላቸው ኖሮ ተረስተው በቀሩ ነበር።

የኤደን ውኃ የዛሬ ታሪክም ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቆሻሻ ሁልጊዜ አለ፤ ባሕሩም፣ ጨዉም፣ ጀርሙም አሉ። ውኃውን የሚያሸንፉት ጠባቂው የጠፋ ዕለት ነው።

ሌሊት የሚመጣ ውኃ

ከገንዳዎቹ ዝቅ ብለው ባሉት ጠባብ መንገዶች ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በየበሩ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል፤ በየጣሪያው ሮቶ ተቀምጧል። አቅም ያለው ከቦቴ ይገዛል፤ አቅም የሌለው መስጊድ ወይም በጎ አድራጊ መንገድ ዳር ካቆመው ታንከር ይቀዳል። ቧንቧው አየር መትፋት ሲጀምር ሌሊትም ቢሆን ቤተሰቡ ይነሣል። መብራት ካለ፣ ከቧንቧው ጋር የተገጠመችው ትንሽ ፓምፕ ትበራና ከጎረቤት ቀድማ ትስባለች። ጎረቤትም የራሱን ያበራል። በዚያች አጭር ጊዜ ከመሬት በታች የሚሆነውን የሚያይ የለም። የከተማዋ የውኃ ብክለት ትልቁ ክፍል ግን የሚፈጸመው እዚያው ነው።

ውኃ ሞልቶ በግፊት የሚሄድ ቧንቧ ቢሰነጠቅ እንኳ የሚያፈስሰው ወደ ውጭ ነው። ከውጭ ያለው ቆሻሻ ሊገባበት አይችልም፤ ግፊቱ ራሱ በር ጠባቂ ነው። ውኃው ተቋርጦ ቧንቧው ባዶውን ሲያድር ግን ያ ጠባቂ ይነሣል። በአጠገቡ ካለው ከተሰበረ የፍሳሽ መስመር ወይም ከሞላ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሰረገው እርጥበት በስንጥቁ ይገባል። ውኃው ተመልሶ ሲለቀቅና የየቤቱ ፓምፕ አንድ ላይ ሲስብ ደግሞ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው ያንሳል፤ ያን ጊዜ ቆሻሻው ተጠርቶ ይገባል። ከጉድጓዱ ንጹሕ ሆኖ የተነሣው ውኃ ማድጋ ውስጥ የሚደርሰው ሌላ ውኃ ሆኖ ነው።

በኤደን ፍሳሹም እንደ ንጹሑ ውኃ መብራት ይፈልጋል። ብዙዎቹ ሰፈሮቿ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ ያላሉ ሜዳዎች ስለሆኑ ፍሳሽ በቁልቁለት ብቻ ወደ ማጣሪያ ኩሬ አይደርስም፤ እየተገፋ መሄድ አለበት። የመግፊያው ፓምፕ ሲቆም የማንሆሉ ክዳን ይነሣል፤ ሽታ ያለው ውኃ መንገድ ላይ ይተኛል፤ ከዚያም ወደ ባሕር ወይም ወደ አፈር ያመራል። በሙቀቱ ወራት በከተማዋ መብራት ከሚኖርበት የማይኖርበት ሰዓት የሚበልጥባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በሜይ 2025 የኤደን ሴቶች በኾር መክሰር አደባባይ ወጥተው መብራትና ውኃ ሲጠይቁ ሁለቱን አንድ ላይ የጠሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ

የቧንቧው ውኃ የሚነሣው ከከተማዋ ውጭ፣ እንደ ቢር ናስርና ቢር አሕመድ ካሉ የጉድጓድ መስኮች ነው። ከሰሜን ተራሮች በአጎራባቹ ላሕጅ በኩል የሚወርደው የቱባን ወንዝ በአሸዋው ሥር ያስቀመጠው ውኃ ነው፤ በአብየን በኩልም ሌሎች ጉድጓዶች አሉ። እንግሊዞች በ1860ዎቹ ከሼክ ዑስማን ጉድጓዶች ወደ ክሬተር የውኃ መውረጃ ሲዘረጉ ያገኙት ውኃ ጨው ቀመስ ነበር። ያ ምልክት ዛሬ ወደ አደጋ አድጓል።

በባሕር ዳር መሬት ውስጥ ጣፋጩ ውኃ በጨዋማው ላይ ተንሳፍፎ ይኖራል፤ ቀለል ያለ ነውና። ሲቀዳ ከላይ ይጎድላል፣ ጨዋማው ደግሞ ከሥር ይነሣል። የውኃ ሊቃውንት በሚጠቀሙበት ስሌት የጣፋጩ ውኃ ከፍታ በ1 ሜትር ሲወርድ የጨዉ ወሰን ከሥር እስከ 40 ሜትር ሊወጣ ይችላል። አንድ ጉድጓድ ጨው ከነካው በኋላ ለማጥራት ዝናብና ዘመን ይጠይቃል። ይህ ፋብሪካም ፍሳሽም ያላመጣው ብክለት ነው፤ የሚያመጣው ልክ ያጣ መቅዳት ነው። በየመን ከሚቀዳው ውኃ ከ10 እጅ 9ኙ ለእርሻ ይውላል፤ ከዚያ ውስጥ ጫት የሚጠጣው ድርሻ ከባድ ነው። ሐረርጌን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ከላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይሰርጋል። የፍሳሽ መስመር ባልደረሰባቸው የዳር ሰፈሮች መጸዳጃው ጉድጓድ ነው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ናይትሮጅን በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ተለውጦ የከርሰ ምድር ውኃ ይደርሳል። ናይትሬት ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ በማፍላትም አይጠፋም። ብዛቱ ከልክ ካለፈ በጡጦ የሚያድግ ጨቅላ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል።

ባለሙያዎች ብክለትን በሁለት የሚከፍሉት ለዚህ ነው። አንደኛው መነሻው በጣት የሚጠቆም ነው፤ ይህ ቱቦ፣ ያ ፋብሪካ፣ ይህች መርከብ ይባላል። ሁለተኛው መነሻው የተበተነ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ የመጸዳጃ ጉድጓዶች፣ ማሳዎችና የቆሻሻ ክምሮች ጥቂት ጥቂት ያዋጡበታል። የመጀመሪያውን ሕግ ሊያስቆመው ይችላል። ሁለተኛውን የሚያስቆመው የከተማ አስተዳደር ነው፤ ጦርነት በመጀመሪያ የሚያፈርሰውም ይህንኑ ነው። በ2015 ከማርች እስከ ጁላይ ኤደን የጦር ሜዳ ሆና ከረመች። ከዚያ በኋላ የመጣው የነዳጅ እጥረት፣ የተቋረጠ ደመወዝና የመለዋወጫ እጦት ግን ከመድፉ ያልተናነሰ ሥራ ሠርቷል።

የ2017 ማዕበል

በኦክቶበር 2016 መጀመሪያ የየመን ጤና ባለሥልጣናት ኮሌራ መግባቱን አስታወቁ። ከዋና ከተማዋ ሰንዓ ቀጥሎ ብዙም ሳይቆይ ኤደንም ታመመች። በ2017 መጀመሪያ ረገብ ያለው ወረርሽኝ በኤፕሪል ማብቂያ በሁለተኛ ማዕበል ተመልሶ መጣ። በዲሴምበር 2017 በበሽታው የተጠረጠሩ ሰዎች ቁጥር 1 ሚሊዮን አለፈ፤ የሞቱት ከ2,200 በላይ ነበሩ። ከታመሙት ከአራቱ አንዱ ያህል ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች ነበር።

እኛ አገር በይፋ «አተት» ሲባል የምንሰማው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ከባዱ መልኩ ይኸው ነው። ቪብሪዮ ኮሌሬ የተባለው ባክቴሪያ ከበሽተኛ ዓይነ ምድር ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ አፍ ይሄዳል። አንጀት ውስጥ ሲደርስ የሚያመነጨው መርዝ የአንጀትን ግድግዳ ያታልለዋል፤ አንጀቱም የሰውነትን ውኃና ጨው ወደ ውጭ ይለቅቃል። ከባድ በሽተኛ በአንድ ቀን ውስጥ ከ10 ሊትር በላይ ሊያጣ ይችላል። ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ ቆዳው ይጨማደዳል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ይህን ሁሉ የሚያስከትል በሽታ መድኃኒቱ ውኃና ጨው መተካት መሆኑ ያስገርማል። በጊዜ ከታከሙት 100 ሰዎች የሚሞተው ከአንድ ያነሰ ነው።

በሜይ 2018 በየመን የመጀመሪያው የኮሌራ ክትባት ዘመቻ የተጀመረው በኤደን ነበር፤ በአራት ወረዳዎች ቢያንስ 350,000 ሰው ለመድረስ ታቀደ። ክትባቱ ጊዜ ይገዛል፤ ቧንቧውን አይጠግንም። በ2023 መጨረሻ በሽታው በደቡብ የመን እንደገና ተነሣ፤ በ2024 ደግሞ እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ድረስ በመላ አገሪቱ ወደ 250,000 የሚጠጉ ተጠርጣሪዎችና 861 ሞት ተመዘገቡ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው ይህ በዓመቱ በዓለም ከታየው የኮሌራ ሕመም 35 በመቶው ነበር።

ውኃ ሲጠራቀምም ሌላ በሽታ አለ። በኤፕሪል 2020 ድንገተኛ ጎርፍ ኤደንን አጥለቀለቀ፤ ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት ነበሩ። ጎርፉ ከሄደ በኋላ የቀረው ከፍሳሽ ጋር የተቀላቀለ ኩሬ ነበር። ወባ፣ ደንጊና ቺኩንጉንያ በከተማዋ ተስፋፉ፤ በሜይ ወር መንግሥት ኤደንን በወረርሽኝ የተጠቃች ከተማ ብሎ አወጀ። በጠዊላ ሸለቆ ያሉት ገንዳዎች የጎርፍን ጉልበት እንዲሰብሩ የተሠሩ መሆናቸውን ያስታወሰ ያን ጊዜ ሳያዝን አልቀረም።

የእኛ ልጆች በዚያ ከተማ

ኤደን ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አገር አይደለችም። የሐረር ቡና ለዘመናት በእርሷ በኩል ወደ ዓለም ወጥቷል። ዛሬ የሚሻገረው ሰው ነው። ከጅቡቲዋ ኦቦክ የሚነሣ ጀልባ ብዙውን ጊዜ በላሕጅ ዳርቻ፣ ከሶማሊያዋ ቦሳሶ የሚነሣው ደግሞ በሻብዋ በኩል ያራግፋል። በ2019 ብቻ ከ138,000 በላይ ስደተኞች ወደ የመን ገብተዋል፤ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን፣ ግባቸውም ሳዑዲ ዓረቢያ ነበር። ገንዘብ ያለቀበት ወይም መንገድ የተዘጋበት ኤደን ይቀራል። በከተማዋ ዳር ያለችው በሳቲን ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የድሃ ሰፈር ናት። ባልዲና ጨርቅ ይዞ መንገድ ዳር መኪና የሚያጥብ ወጣት ሲያዩ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ቢያናግሩት የሚመልስ ሊሆን ይችላል። ኑሮው በውኃ ነው፤ የሚጠጣው ንጹሕ ውኃ ግን ከማንም ቀድሞ የሚጎድለው ለእርሱ ነው።

የዚህን እውነት ጥግ ያሳየው የ2019 የጸደይ ወቅት ነው። በኤፕሪል የአካባቢው ጸጥታ ኃይሎች በኤደንና በአጎራባች ግዛቶች ስደተኞችን አፈሱ። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይ.ኦ.ኤም) በሜይ መጀመሪያ እንዳስታወቀው ወደ 5,000 የሚጠጉ ሰዎች በሁለት ስታዲየሞችና በአንድ የጦር ሠፈር ተይዘው ነበር፤ አንደኛው በኤደን ያለው የ22 ሜይ ስታዲየም ነው። ለተመልካች ጥቂት ሰዓት እንዲበቃ የተሠራ መጸዳጃና የውኃ መስመር ሺዎችን ቀንና ሌሊት እንዲሸከም ተፈረደበት። አተት ገባ። በላሕጅ ከተያዙት ቢያንስ 8 ኢትዮጵያውያን ከዚሁ በሽታ ጋር በተያያዘ ሞቱ። በሜይ ማብቂያ ከኤደን ወደ አዲስ አበባ በረራ ተጀምሮ ከ2,000 በላይ ሰዎች ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ወረርሽኝ ሲነሣ ጣት የሚቀሰረው ወደ እንግዳው ነው። በ2019 መጀመሪያ የታተመ የዘረ መል ጥናት በየመን የተሠራጨው ባክቴሪያ ከደቡብ እስያ ተነሥቶ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከታየ በኋላ የመን መግባቱን አሳይቷል። ይህን ይዞ ስደተኛውን መክሰስ ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። ባክቴሪያው በዓለም ላይ በመርከብም፣ በአውሮፕላንም፣ በእግርም ይጓዛል። ክሎሪን ያለውና ግፊቱ ያልተቋረጠ ቧንቧ ባለበት ከተማ ሲደርስ ወረርሽኝ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። እሳቱን የሚያቀጣጥለው የተሰበረው ቧንቧ ነው።

ዘይቱና ማዳበሪያው

ከክሬተር ወደ ምዕራብ፣ ከወሽመጡ ማዶ ቡረይቃ አለች። በ1954 ሥራ የጀመረው የነዳጅ ማጣሪያ የሚገኘው እዚህ ነው። በ2015 ጦርነት ማጣሪያው ተመትቶ ነድዷል፤ በዙሪያው ባለው ባሕር ላይ ደግሞ ባለቤቶቻቸው የተዉአቸው ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ለዓመታት ሲዝጉ ቆይተዋል። በጁላይ 2021 ከእነርሱ አንዷ፣ ዲያ የተባለችው፣ ሰጠመች፤ ከሆዷ የወጣው ዘይትም ዳርቻውን አጠቆረ።

ዘይት በውኃ ላይ ሲዘረጋ በአየርና በባሕር መካከል ገብቶ ኦክስጅን ያግዳል። የዓሣ እንቁላልና እጭ የሚያድጉት ከውኃው ገጽ አጠገብ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሞቱት ነገ መረብ የሚሞሉት ናቸው። ከዘይቱ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ውሁዶች ከጭቃው ጋር ተጣብቀው ለዓመታት ይቀመጣሉ፤ በቀንድ አውጣና በሸርጣን በኩልም ወደ ሰው ማዕድ ይወጣሉ። በሲራ ምሽግ ሥር ባለው የዓሣ ገበያ ጎህ ሳይቀድ የሚጫረተው ነጋዴ ይህን በኬሚስትሪ ስም ባይጠራውም በዓሣው ብዛት ያውቀዋል።

ከዚህ እጅግ የሚከፋው ለጥቂት ሳይደርስ ቀርቷል። በቀይ ባሕር በራስ ዒሳ አቅራቢያ ተገትሮ የነበረው «ሴፈር» የተባለው ተንሳፋፊ የነዳጅ ማከማቻ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ይዞ ለዓመታት ያለ ጥገና ቆይቷል። በተባበሩት መንግሥታት አስተባባሪነት ነዳጁ ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 11 ቀን 2023 ድረስ ወደ ሌላ መርከብ ተዛወረ። አደጋ ከመድረሱ በፊት ገንዘብ ተዋጥቶ፣ ባለሙያ ተልኮ፣ ሥራው መጠናቀቁ በዚህ ባሕር ብርቅ ነው። በተቃራኒው ሩቢማር የተባለችው የጭነት መርከብ በፌብሩዋሪ 2024 በየመን የሁቲ ታጣቂዎች ተመታች፤ በማርች መጀመሪያም ወደ 21,000 ቶን ማዳበሪያ እንደጫነች በደቡብ ቀይ ባሕር ሰጠመች።

ማዳበሪያ መርዝ አይመስልም፤ የሚጎዳው በማብላት ነው። ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በውኃ ውስጥ ሲበዙ አልጌ ይፈላል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ዓሣው ውኃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ከማሳና ከከተማ የሚታጠበው ምግብ ጣና ላይ እምቦጭን የሚያደልበውም በዚሁ ሕግ ነው።

ለእኛ የቀረው

በ2022 በዓለም ቢያንስ 1.7 ቢሊዮን ሰው በዓይነ ምድር የተበከለ ውኃ ይጠጣ እንደነበር የዓለም ጤና ድርጅት ያስታውቃል። በዚህ ዓይነት ውኃ ሳቢያ በሚመጣ ተቅማጥ በየዓመቱ ወደ 505,000 ሰው ይሞታል። እኛም ከዚህ ቁጥር ውጭ አይደለንም። በ2023 በቋራ ወረዳ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል የተነሣው ኮሌራ ምዕመናንንና በአካባቢው እርሻ የተሰማሩ የቀን ሠራተኞችን ለክፏል፤ ብዙ ሰው በድንገት የሚሰበሰብበት፣ መጸዳጃና ንጹሕ ውኃ ግን ያልተዘጋጀበት ቦታ ሁሉ የኤደን ስታዲየም ይሆናል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ በመንገዳቸው ሰላጣና ጎመን ያጠጣሉ። በፈረቃ ውኃ በሚታደልባቸው ሰፈሮቻችን ቧንቧው ባዶውን ሲያድር የሚሆነውም በክሬተር ከሚሆነው አይለይም።

ስለዚህ ከኤደን የሚወሰደው ትምህርት ለባለሥልጣንም ለባለቤትም ነው። አዲስ ጉድጓድ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ለአሮጌ ቧንቧ ጥገና ሪባን የሚቆርጥ የለም። ሆኖም ሕይወት የሚያድነው የጥገናው በጀት፣ ለፓምፑ የተቀመጠው ተጠባባቂ ጄኔሬተር፣ ክሎሪን የሚለካው ሠራተኛና ደመወዙ ናቸው። ውኃ ተቋርጦ ሲመጣ የመጀመሪያውን አፍስሱት፤ ለመጠጥ አፍሉት ወይም «ውኃ አጋር» በተባለው የክሎሪን ማከሚያ አክሙት። ወደ የመን የሚሻገር ዘመድ ያለው ደግሞ ቢያንስ ይህን ይንገረው፦ ተቅማጥና ትውከት ከጀመረ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይሂድ፤ «ለምለም» የተባለው የጨውና የስኳር ውሕድ ከሌለ በ1 ሊትር የፈላ፣ የቀዘቀዘ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ሳያቋርጥ ይጠጣ። በኮሌራ የሚሞተው አብዛኛው ሰው ይህ ብቻ በጊዜ ቢደርስለት ኖሮ ይተርፍ ነበር።